«አለች» ያልሁባቸው ቀናት

መርዶ የሚሉትን ልማድ አልወድም። አልወድም ማለትስ ሲያንሰው ነው፤ እጠላዋለሁ። ሰው ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ አገሩ ሁሉ አልቅሶለት ሲያበቃ የገዛ ልጁ ምንም ሳያውቅ ገበያ መሃል እየሳቀ ይዙር? «ድንገት ቢሰማ ይደነግጣል፤ በማለዳ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ዘመድ ተሰብስቦ ሲነገረው ይሻላል» ይሉኛል። የሚሻላቸው ይሻላቸው። እኔ ቤት ክፉ ወሬ ይዞ የመጣ ሰው ደጃፉ ላይ እንደቆመ ይናገር፤ ቁጭ እንኳ እንዳይል። ሚስቴም ልጆቼም ይህን ጠባዬን ያውቁታል። ምክንያቱን ግን ደህና አድርጌ ነግሬአቸው አላውቅም።

ምክንያቱ እናቴ ናት። እናቴ ሞታ ከተቀበረች በኋላ እኔ ሳልሰማ የቆየሁባቸው ቀናት አሉ። አገር ያውቃል፤ እኔ ብቻ አላውቅም። በእነዚያ ቀናት ምን ስሠራ ነበር? ለሥራ መቀጠሪያ ፈተና ስዘጋጅ ነበር። ያውም ለእሷው ብዬ።

ጊዜው በንጉሡ ዘመን፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። ዕድሜዬ ሃያ ቢሞላ ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ወረታ አክስቴ ቤት ተቀምጫለሁ። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ባል የላትም፣ ልጅ አልወለደችም፣ ጠላ እየሸጠች ነው የምትኖር። አባቴ በሕፃንነቴ ሞቷል። እናቴ ግን ከከተማው ወዲያ፣ የፎገራ ሜዳ ወደ ሐይቁ በሚያዘነብልበት በኩል፣ መንደራችን ውስጥ ብቻዋን ነበረች።

በዚያ ዓመት ርብ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው። ውሃው ሲሸሽ ንዳዱ ተከተለ። መቼም ፎገራ ላይ ያደገ ሰው ንዳድን ያውቀዋል፤ ይመጣል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ይሄዳል። የዚያን ዓመቱ ግን አልሄድም አለ። ቤት ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ይተኛል፤ ውሃ የሚያቀብል ይጠፋል። ጤፉን አረም ሲውጠው ዝም ብሎ የሚያይ ገበሬ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እናቴን የመስቀል ሰሞን ጣላት። ሄጄ አየኋት፤ ጋቢ በጋቢ ላይ ተደርቦላት ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። «አይዞህ፣ ይለቀኛል» አለችኝ። እሷው ታማ እኔን ታጽናናለች! ጎንደር ሆስፒታል ብትገባ እንደምትድን ያልነገረኝ ሰው አልነበረም። ምክር መቼም ሞልቷል፤ እጃችን ግን አጭር ነበር።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነው ወረታ ገበያ ላይ የተለፈፈው። መንግሥት ወባን፣ ያን ንዳድ፣ ሊያጠፋ ነው ተባለ። ቤት ለቤት እየዞሩ ግድግዳው ላይ መድኃኒት የሚረጩ ጎበዞች ይፈለጋሉ፤ ፊደል የቆጠረ፣ ጀርባው የጠና ይመዝገብ። ፈታኞቹ በመኪና ይመጣሉ፤ የመጡ ዕለት ያልተገኘ ቀረበት። የሚመጡበትን ቀን ደግሞ የሚያውቅ የለም፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ሮጬ ተመዘገብሁ። ሐሳቤ አንድ ነበር፤ ሥራውን አገኛለሁ፣ እናቴን በቃሬዛ ከዚያ ጭቃ አስወጥቼ ጎንደር አስገባታለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር። ስለዚህ ከከተማ ንቅንቅ ሳልል መጠበቅ ጀመርሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ወደ ቤት ስመለስ የመንደራችን ሰው፣ የእናቴ ጎረቤት፣ ከአክስቴ ቤት ሲወጣ አገኘሁት። ቀኑ የገበያ ቀን አይደለም።

«ምነው፣ በደህና?» አልሁት።

«በሬ ጠፍቶብኝ ነው» አለኝ።

«እናቴስ?»

«ደህና ናት። ቀለል ብሏታል» አለና ፊቱን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

አክስቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛዋለች። «ጀርባዬ ተነሥቶብኛል፤ ወንዛዬ ሄጄ ፍል ውሃ ልግባ» አለችኝ። እንጀራና ወጡን ሸፍና አስቀመጠችልኝ፤ ያኔውኑ ተነሥታ ከሰውየው ጋር ሄደች። ወንዛዬ ከወረታ በስተደቡብ ነው። እነሱ ወደ ምዕራብ ነው የወረዱት። በዓይኔ አይቻቸዋለሁ እኮ! ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

እህቷን ቀብራ፣ ሰልስት አውጥታ ተመለሰች። ይህን የምለው ዛሬ ነው፤ ያን ጊዜ ለእኔ ከፍል ውሃ የተመለሰች ሴት ናት። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ አስራዋለች። ከሻሹ ሥር፣ ከዓይኖቿ ግራና ቀኝ፣ ቆዳዋ ተልጦ ይታያል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኋት።

«ፍል ውሃው ነው። ሳልለካው ዘው አልሁና ለበለበኝ።»

«አንቺ ደግሞ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብዬ ሳቅሁባት።

እሷም ሳቀች። በእኛ አገር እህቷ የሞተችባት ሴት ፊቷን በጥፍሯ ትነጫለች፣ ጸጉሯንም ትላጫለች። ይህን የማያውቅ የፎገራ ልጅ የለም፤ እኔም ስንት ለቅሶ ላይ አይቻለሁ። ግን ማን ሰው የራሱን መርዶ በሰው ፊት ላይ ያነባል?

ከዚያ ወዲያ ጠላ መጥመቅ ተወች። «ጌሾ ጠፋ» አለች፤ ጌሾ በየደጃፉ ተሰጥቶ ሳለ። መሬት ላይ ትተኛ ጀመር፤ «መደቡን ትኋን ወረረው» አለች። እህል ሲቀርብ እኔን ታጎርሰኛለች፤ እሷ «ቅድም በልቻለሁ» ነው መልሷ። እኔ ይህን ሁሉ አየሁና ለፈተናው ተጨንቃልኝ ነው አልሁ። ጎረምሳ መቼም ፀሐይም የምትወጣው ለእሱ ይመስለዋል።

በዚህ መሃል ነው «እኔ እፈትንሃለሁ» ያለችው። ፊደል አታውቅም። ግን አንድ ጊዜ ለምስክርነት ችሎት ቀርባ ስለነበር የመንግሥትን አጠያየቅ አውቃለሁ ባይ ናት። «መንግሥት መጀመሪያ የሚይዝህ በዘርህ ነው» አለችኝ። እሷ በአጭሯ በርጩማ፣ በዱካዋ ላይ ትቀመጣለች፤ እኔን ምሰሶው ሥር ታቆመኛለች። እጄን ወደ ኋላ እንዳላደርግ፣ እንዳልደገፍ፣ ዓይኔን እንዳላንከራትት ታዝዘኛለች።

«ስምህ?»

ስሜን እናገራለሁ።

«የአባትህ ስም?»

እናገራለሁ።

«አባትህ በሕይወት አለ?»

«የለም።»

«እናትህስ?»

«አለች።»

«አልሰማሁም።»

«አለች!»

«ቀና በል። መሬት መሬት አትይ። እናትህስ?»

«አለች አልሁሽ እኮ፣ አክስቴ!»

ይህን ታደርግ የነበረው በየማታው ነው። ስለ ወባ አትጠይቀኝም፤ ስለ መድኃኒቱ አትጠይቀኝም፤ ሒሳብ ልጠየቅ እችላለሁ ብላት ጆሮ አትሰጠኝም። ዞራ ዞራ እዚያችው ላይ ነው የምትመለስ። አንዳንዴ ከመካከል ጀምራ «እናትህስ?» ትለኛለች። አረጀች እንዴ፣ እላለሁ በልቤ። ገና አርባ እንኳ የሞላት አይመስለኝም።

ለጀርባዬ የተጨነቁልኝ ደግሞ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸው ውስጥ ጨውና ጨርቅ አወርድላቸው ስለነበር ይወዱኛል። «መድኃኒቱን የምትረጨው በፓምፕ ነው፤ ፓምፑ ውሃ ተሞልቶ ጀርባ ላይ ይታሰራል፤ ሲያዩህ ከተንገዳገድህ አበቃልህ» አሉኝ። ባዶ የላምባ ቆርቆሮ አምጥተው ውሃ ሞሉና በገመድ ጀርባዬ ላይ አሰሩልኝ። «በል ገበያውን ዙር» አሉኝ። ዞርሁ። ውሃው እየተንቦጫረቀ እስከ ቂጤ ያርሰኛል፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ እሮጣለሁ።

የገበያው ሰው እንዲያ ስሮጥ ያየኝ ነበር። አንዳንዶቹ ሴቶች ፊታቸውን ያዞራሉ። አንዷ በርበሬ ሻጭ ሳልፍ «ውይ ልጄን! ምንም ሳይሰማ...» ብላ ስትጀምር ጓደኛዋ ክንዷን ያዘቻት። እኔ የሳቁብኝ መሰለኝ። ቆርቆሮውን እንደተሸከምሁ ቆም ብዬ «ምን ያስቃችኋል? ሥራ ፈላጊ አይታችሁ አታውቁም?» አልኋቸው። የሳቀ ሰው አልነበረም። በርበሬ ሻጯ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች፤ እኔም በርበሬው ነው ብዬ አለፍሁ።

ነጋዴው ኮታቸውን አዋሱኝ፤ ጥቁር፣ ክርኑ ላይ ትንሽ የሳሳ፣ ግን ደህና ኮት። ሲያለብሱኝ «ስለ ቤትህ ከጠየቁህ አታስረዝም። ደህና ነው በልና ዝጋው» አሉኝ። ቀጥለውም «አላህ ያበርታህ» አሉኝ። «አሜን» አልሁ፤ ለፈተናው ነው ብዬ።

የገበያ ቀን ሲደርስ ያ የእናቴ ጎረቤት መጣ። ገና ከሩቅ ሳየው ሮጬ ያዝሁት። እናቴ እንዴት ናት፣ ትበላለች ወይ፣ ላቡ ቀርቷል ወይ፣ ስለ ፈተናው ነግረሃታል ወይ፣ አከታተልሁበት። ሰውየው በበትሩ ጭቃውን ይጭራል። «ነገርኋት። ደስ አላት። በርታ ብላሃለች። መርቃሃለች» አለኝ። «ምን ብላ?» አልሁት። «እንጀራህ ይስፋ ብላ» አለኝ። እኔ ሞኙ ያቺን ምርቃት ይዤ ስንት ቀን ዋልሁ! ለንዳድ ጥሩ ነው ሲሉ ስለሰማሁ ስኳር ገዝቼ፣ በወረቀት ጠቅልዬ፣ ሎሚም ጨምሬ ሰጠሁት። «በውሃ በጥብጣ ትጠጣው» አልሁት። ተቀበለኝ። ምን ያድርግ? ባይቀበል እጠረጥራለሁ። በሁለት እጁ ተቀብሎ ስልቻው ውስጥ አስገባው።

መኪናዋ ግን አልመጣችም። ዛሬ ትመጣለች ሲሉ ትቀራለች፤ ከጎንደር ተነሥታለች ይሉና ጭቃ ያዛት ይባላል። እኔ ተስፋ ስቆርጥ አክስቴ ትብሳለች። «ምነው እነዚህ ሰዎች! ይምጡና ይገላግሉን!» እያለች ደጃፉ ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። ዛሬ ሳስበው የተያዘችው በእኔ ፈተና ነው። ፈተናው ካላለፈ መርዶው አይነገርም፤ መርዶው ካልተነገረ እሷ አታለቅስም። እንዲህ ያለ ወጥመድ የሚሠራ ልማድ እንዴት ይወደዳል?

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። «ላም አለኝ በሰማይ ነው ይኼ! ሄጄ እናቴን አይቻት ልመለስ» ብዬ በትሬን አነሣሁ። አክስቴ በሩ ላይ ቆመች። ርብ ሞልቷል አለችኝ፤ አልሞላም አልኋት። መኪናዋ ዛሬ ብትመጣስ አለችኝ፤ ትምጣ አልኋት። ኩታዬን ጨምድዳ ያዘችኝ። ያን ጊዜ ነው አፌ የከፋ። «አንቺ ምን ይሰማሻል! እህትሽ ታማ ተኝታ ፍል ውሃ የምትሄጂ ሴት!»

ኩታዬን ለቀቀችው። ይመታኛል እንዳለ ሰው ዓይኗን ጨፈነች፤ ገለጠች። ከዚያ ሄዳ ዱካዋ ላይ ተቀመጠችና «ና ቁም» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ምን እንደነበረ እንጃ፣ በትሬን ጥዬ ሄጄ ቆምሁ።

«ስምህ?» አለችኝ።

በማግስቱ መኪናዋ መጣች።

የፈተኑን ምክትል ወረዳው ግቢ ውስጥ ነው። ጠረጴዛ ጥላ ሥር አውጥተዋል። አለቃቸው መነጽር ያደረገ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው ነው፤ አጠገቡ የከተማችን ጸሐፊ ተቀምጦ ስም ይጽፋል። ከእኔ በፊት የገቡት ብዙ ቆዩ፤ ሒሳብ ተጠየቁ፣ ጽሑፍ አነበቡ። ተራዬ ሲደርስ በዚያ ኮት ቀጥ ብዬ ቆምሁ። እጄን ወደ ኋላ አላደረግሁም፤ ዓይኔን አላንከራተትሁም።

ስሜን ጠየቀኝ። የአባቴን ስም ጠየቀኝ። አክስቴ እውነቷን ነው፣ አልሁ በልቤ።

«ወባ ታውቃለህ?» አለኝ።

«አውቃለሁ ጌታዬ። እናቴ ታማለች።»

«እናትህ በሕይወት አለች?»

«አለች!» አልሁ፤ እንደተማርሁት፣ ቀና ብዬ፣ ጮክ ብዬ። ግቢው ሁሉ ሳይሰማ አይቀርም። የጸሐፊው ብዕር ወረቀቱ ላይ ቆመ።

«ይህን ሥራ ለምን ፈለግህ?»

ነጋዴው አታስረዝም ያሉኝን ረሳሁት። «እናቴን ጎንደር ሆስፒታል አስገብቼ ላሳክማት ነው» አልሁ። «አሁን ተሽሏታል፤ መርቃኛለች፤ ግን አንድ ጊዜ በሐኪም ብትታይልኝ...» እያልሁ ቀጠልሁ። ጸሐፊው ወደ አለቃው ጠጋ ብሎ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። አለቃው መነጽሩን አወለቀ። አየኝ። ጸሐፊውን አየው። እንደገና አየኝ። የተሳሳትሁ መሰለኝ።

«ፓምፑን ተሸከም» አለኝ በመጨረሻ።

ተሸከምሁ። ከላምባው ቆርቆሮ ይቀላል። ግቢውን በሩጫ ዞርሁ፤ ሁለተኛ ልዞር ስል «ይበቃል ልጄ» አለኝ። ሒሳብ አልጠየቀኝም፤ ምንባብ አልሰጠኝም። እዚያው ተቀጥረሃል አለኝ። በጀርባዬ ይሁን በእናቴ ሞት የቀጠረኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጡረታ እስክወጣ የበላሁት እንጀራ በየትኛው እንደመጣ አለማወቅ ቀላል ነገር አይደለም።

እየበረርሁ ቤት ገባሁ። «አክስቴ፣ ተቀጠርሁ!» አልሁ። እሷ እሳት ዳር ነበረች። ብድግ አለችና አቅፋኝ ቀረች፤ አልለቅም አለችኝ። «እልል በይ እንጂ! ጎረቤት ይስማ!» አልኋት። «ምነው፣ ደስ አላለሽም?» ስላት ከእኔ ዞር ብላ፣ ወደ ግድግዳው ፊቷን መልሳ፣ እልል አለች። አንዴ አለች። ደገመች። ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ተሰበረና ሳል አስመሰለችው። «ጭሱ ነው» አለችኝ። እልልታ ተሰምቶ እንኳን ደስ አላችሁ ሊል የመጣ ጎረቤት ግን አልነበረም። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም።

«ነገ ገና ሳይነጋ እነሣለሁ፤ ለእናቴ ራሴ ነኝ የምነግራት» አልኋት። እሺ አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ነጠላዋን ለበሰችና «የንስሐ አባቴ ዘንድ ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣች።

እንዳልሁትም ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ። ኮቱን ለበስሁ፤ እናቴ በኮት እንድታየኝ ፈልጌ ነው። በትሬን ያዝሁ። በሩን የከፈትሁት እኔው ነኝ።

ግቢው ሰው ሞልቶታል። ጋቢ የተከናነቡ ወንዶች ቆመዋል፤ ሴቶቹ ከአጥሩ ጥግ ናቸው። የአክስቴ የንስሐ አባት ከፊት አሉ። ያ ጎረቤታችን አለ። ነጋዴው ነጭ ቆባቸውን አድርገው ከክርስቲያኖቹ ጋር ቆመዋል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ፤ የሻሹ፣ የፍል ውሃው፣ የጌሾው፣ የትኋኑ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት እንግዲህ ይህ ነው።

ቄሱ «ልጄ፣ ሞት ለማንም አይቀርም። እናትህ ዐርፋለች። እንግዲህ ወንድ ሁን» አሉኝ።

«መቼ?» አልሁ።

ቄሱ ወደ ጎረቤታችን ዞሩ።

«መቼ ነው የምላችሁ!»

«ቆየች» አለ ጎረቤታችን።

«ቆየች? ትናንት እኮ አለች ብዬ ለመንግሥት ቃሌን ሰጥቻለሁ! እንጀራህ ይስፋ ያለችኝ ማን ናት?» አልሁት። ሰውየው አንገቱን ደፋ። ከኋላዬ አክስቴ ሻሿን ፈታ ጣለችው። የተላጨው ራሷን፣ ቅርፊት የያዘውን ፊቷን ያን ጊዜ አየሁት። እንዴት እንደጮኸች ልናገር አልችልም። ስንት ቀን ዋጥ አድርጋ የያዘችው ነው የወጣው። ለቅሶውን የወሰደችው እሷ ናት፤ እኔ እንባም አልመጣልኝ፤ በሰው ኮት ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ገባሁ። በተሰማራንበት በመጀመሪያው ሰሞን የደረሰን የራሳችን ሜዳ ነው። የመርጨት ሥራ ደንብ አለው፤ ግድግዳው ሊረጭ ሲል ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል። ቁና፣ ሰፌድ፣ ስልቻ፣ የታመመ ሰውም ቢሆን ተሸክመው ያወጡታል። የእናቴን ቤት ባዶውን ረጨሁት፤ የሚወጣ ዕቃ አልነበረውም። ከዚያ ወደ ጎረቤታችን ቤት አለፍሁ። ሚስቱ ዕቃዋን ስታወጣ አንዲት በወረቀት የተጠቀለለች ነገር ሰፌዱ ላይ አየሁ። ወረቀቷን አወቅኋት። ስኳሩ ነው። አልተፈታም፤ እርጥበት ይዞት ድንጋይ ሆኗል።

ሴትዮዋ ደንግጣ «ለማን እንስጠው? እንዳንበላው ነውር ሆነብን፤ እንዳንጥለው የአንተ ልፋት ነው» አለች። አፏ አያርፍም፤ ዝም ብትል ይሻላት ነበር። «መቼም እግዜር ያውቃል» ብላ ቀጠለች፤ «ስትጠራህ ነበር። ልጄን ጥሩልኝ ነው ቃሏ። መንገዱን ላየው በሩን ክፈቱልኝ ትል ነበር። ሳትሞት በፊት ባሌ ሊጠራህ ወረታ መጥቶ አክስትህ ናት የመለሰችው። ፈተናውን ሳይጨርስ እንዳትነግረው ብላ።»

ፓምፑን ከጀርባዬ አወረድሁት። ጓደኞቼ ሲጠሩኝ አልዞርሁም። በዚያ ሜዳ ላይ ወደ ወረታ ስሄድ ንዴት እንጂ ሌላ ነገር አልነበረኝም። እንግዲህ ልሙትላት የምላት እናት ናት! ደጁን ስታይ የሞተችው እኔ ከተማ ተቀምጬ መኪና ስጠብቅ ነው።

አክስቴ ደጃፏ ላይ ጌሾ ትለቅማለች። ጸጉሯ ጣት ያህል በቅሏል። ሳልቀመጥ፣ ሰላም ሳልል «ጠርታኝ ነበር?» አልኋት።

ማን እንደነገረኝ አልጠየቀችም። «አዎ» አለች።

«አንቺ ነሽ የከለከልሽው?»

«እኔ ነኝ። የምትቆይ መስሎኝ ነበር። ሥራውን ብታገኝ ጎንደር ትወስዳታለህ፣ ትድናለች ብዬ ነው። ታድናታለህ ብዬ ነው ያላስጠራሁህ።»

እኔም ያሰብሁት ያንኑ ነበር። ግን ንዴቴ አልወጣም፤ ሌላ ፈለግሁ። «ከሞተችስ በኋላ?» አልኋት። «ቀብረሻት ከመጣሽ በኋላ? በየማታው ምሰሶ ሥር እያቆምሽ እናትህስ፣ እናትህስ የምትይኝ ለምን ነበር? ልትጫወቺብኝ ነው?»

የያዘችውን ጌሾ ሰፌዱ ላይ መለሰችው።

«አገር ሁሉ ሞተች ይላል» አለችኝ። «አለች የሚል አንተ ብቻ ነበርህ። እሱን ልስማ ብዬ ነው።»